ቀጭኔ ቴሌቪዥን የገዛች ሰሞን

ቀጭኔ የሚለውን ስም ያወጣችላት ጥይት ናት። ሁለቱ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሽመና ክፍል በአንድ ቀን የተቀጠሩ ልጃገረዶች ነበሩ፤ አንዷ በር ስትገባ ጎንበስ የምትል፣ ሌላዋ የማሽኗ ማብሪያ ላይ ለመድረስ የክር ሳጥን ደፍታ የምትቆምበት። አጭሯ ቀና ብላ አየቻትና «አንቺ ቀጭኔ፣ እዚያ ላይ አይበርድም?» አለቻት። ረጅሟም አልተኛችላትም፤ ሳትውል ሳታድር «ጥይት» ብላ መለሰችላት። ትንሽ ናት፣ ፈጣን ናት፣ አንዴ ከተተኮሰች የሚመልሳት የለም። ስሞቹ እዚያው ተጣብቀው ቀሩ። ደመወዝ ከፋዩ ሳይቀር በመስኮቱ አንገቱን ብቅ አድርጎ «ቀጭኔ፣ ተራሽ ነው!» ይል ነበር።

ሽመና ክፍል ውስጥ ጆሮ ሥራ ፈት ነው። ያ ሁሉ ማሽን ባንድነት ሲንጓጓ ሰው ጆሮ ሥር ገብተው ቢጮሁ እንኳ አይሰማም። ስለዚህ ሴቶቹ የሚያወሩት በከንፈር ነበር። ድምፅ ሳያወጡ፣ ቃሉን በአፋቸው ሰፋ አድርገው እየሳሉ፣ ከአዳራሹ ጫፍ እስከ ጫፍ ማን እንደታጨች፣ የማን ባል ሰክሮ እንደገባ ይጫወታሉ። አለቃቸው ከቢሮ የመጣ ሰው ስለነበር ይህን ወሬ አያውቅበትም፤ እጁን ወደኋላ አጣምሮ በመሐላቸው ሲንጎራደድ በግራም በቀኝም እየታማ ይውላል። ከሁሉም የባሰችው ጥይት ነበረች። ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ የተበጠሰ ክር እየቀጠለች፣ በከንፈሯ ብቻ የምታወጣው ጉድ ቀጭኔን በሳቅ ያፈርሳታል። ጥፋቱ የጥይት፣ ቁጣው የቀጭኔ።

ከሥራ ሲወጡ ደግሞ መረብ ኳስ ነበረ። ፋብሪካው የሴቶች ቡድን አቋቁሞ፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ያለውን ሜዳ አስጠርጎ፣ ሸራ ጫማ አድሏቸዋል። ቀጭኔ አጥቂ፣ ጥይት ኳስ አቀባይ ሆኑ። «እኔ ኳሷን ሰማይ ላይ እሰቅልልሻለሁ፤ አንቺ ሄደሽ አውርጃት» ትላት ነበር ጥይት፣ እንዳለችውም ታደርጋለች። ሲያሸንፉ ሲያሸንፉ የፋብሪካዎች ዋንጫ ፍጻሜ ደረሱ፤ ያ ፍጻሜ ደግሞ በቴሌቪዥን ተላለፈ።

ያን ጊዜ ቴሌቪዥን ማለት በፋብሪካው ክበብ ውስጥ፣ ቁልፍ ባለው ሣጥን የሚቀመጥ አንድ ዕቃ ነው። ሠራተኛው ከነቤተሰቡ እዚያ ታጭቆ ጨዋታውን አየ። ያላዩት ተጫዋቾቹ ናቸው፤ እነሱማ ሜዳ ላይ ናቸው። ከእነሱ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ሳያይ ቀረ፤ የፋብሪካው ኤሌክትሪሽያን። ምስሉ እምቢ ብሎ በረዶ ሲያዘንብ፣ ጣራ ላይ ወጥተህ አንቴናውን አዙር ተባለ። አዞረው። ከታች «በቃ! በቃ! እንዳትነቃነቅ!» ብለው ጮሁ። እጁን ለቀቅ ሲያደርግ «ጠፋ!» አሉት። ምን ያድርግ፣ ጨዋታው እስኪያልቅ አንቴናውን እንዳቀፈ ፀሐይ ላይ ተገትሮ ዋለ። ቀጭኔን ያገባት ይህ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ «ሰው ሁሉ አንቺን ያየው በእኔ ክንድ ነው፤ እኔ ግን የጎረቤት ጣራ ሳይ ዋልኩ» እያለ ይቀልድባታል። እሷም «ምን ጎደለብህ፣ ቀጭንና ረጅም ነገር አቅፈህ ዋልክ» ትለዋለች።

ዘመን ሄደ። ፋብሪካው ማሽኖቹን ሸጦ የሲሚንቶ መጋዘን ሆነ። ኤሌክትሪሽያኑ ሞተ፤ ከእሱም በኋላ ጥይት ታማ ብዙ ሳትቆይ ሞተች። ቀጭኔ በጡረታ አበሏና ጎረቤት በሚያመጣላት የልብስ ጥገና ኑሮዋን ትገፋለች። ጉልበቷ አስቸገራት፣ የፊት ጥርሶቿም ተራ በተራ ለቀቋት፤ ቁመቷ ግን ፍንክች አላለም።

አንድ ማለዳ የቡድኑ ካፒቴን የነበረችው ጓደኛዋ ደወለችላት። ካፒቴኗ ጆሮዋ ስለከበደ ስልክ ላይ የምታወራው እየጮኸች ነው።

«ሰማሽ ወይ? ጣቢያው የድሮ የስፖርት ፊልም ከጎተራው እያወጣ በየእሁዱ ከሰዓት ያሳያል። የሚመጣው እሁድ የኛ ነው!»

«የኛ የምን?»

«የኛ ጨዋታ ነዋ! ፍጻሜው! ማስታወቂያው ላይ ማልያችንን አየሁት፣ በዚህ በዐይኔ!»

ቀጭኔ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ዞር ብላ ቴሌቪዥኗን አየችው። በታመመ ቁጥር ባሏ በጥፊ፣ ሲብስበት በብየዳ እያከመ ያቆየው ጀርባው የሰፋ ዕቃ ነው። እሱ ከሞተ ወዲህ ማን ያባብለው? ምስሉ እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ መሐል ላይ እንደ ክር የቀጠነች አንዲት ነጭ መስመር ብቻ ቀርታዋለች። ድምፁ ጤነኛ ነው። እሷም መስመሯን ፊት ለፊት እያየች ዜናውን እንደ ሬዲዮ ትሰማለች።

ልጇ ይህን ስትሰማ «እማ፣ ታዲያ እኔ ቤት ነይና እይው። ትልቅ ቴሌቪዥን አለ» አለቻት።

«ካፒቴኗስ? ዝምታስ፣ ያቺ የቡድናችን ልጅ? አብረን ካላየነው ምን ዋጋ አለው? ካፒቴኗን አራተኛ ፎቅ አዝለሽ ታወጫታለሽ?»

«እንግዲያው ገንዘብ ልጨምርልሽና ደህና ነገር ግዢ።»

«አንቺ የቤት ኪራይሽን ክፈይ። እኔ አለኝ።»

ልጅቷ ነገሩ ገብቷት ደነገጠች። «የጥርስሽን ገንዘብ ነው? እማ! ሐኪሙ እኮ ይጠብቅሻል!»

«ጥርስ ይጠብቃል። ጥርስ የሚታየው እሁድ ከሰዓት ብቻ አይደለም» አለችና ነገሩን ዘጋችው።

ሱቅ የሸኛት የባሏ ታናሽ ወንድም ነው። የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ በጡረታ የተገለለ፣ ስለማያውቀው ነገር ከሚያውቀው አብልጦ የሚያወራ፣ ልቡ ግን እንደ ውኃ የጠራ ሰው ነው። ሰፈርተኛው ዛሬም ሾፌሩ ነው የሚለው። መንገዱን ሙሉ ስለ ቴሌቪዥን ሲያስተምራት ሄደ።

«ዋናው ነገር ኤች ዲ መሆኑ ነው እትዬ። ኤች ዲ ካልሆነ ገንዘብሽን በተንሽው በይ። ኤች ዲ ማለት የተጫዋቹን ላብ ሳይቀር ጠብ ሲል የሚያሳይ ነው።»

«ላቡንማ አውቀዋለሁ፣ ያላበኝ እኔን ነው። ፊት ያሳያል ወይ?»

«ፊት? የፊት ፀጉር ይቆጥራል!»

ሱቁ ጠባብና ረጅም ነበር። ግድግዳው ከወለል እስከ ጣራ ቴሌቪዥን ተደርድሮበታል፤ ሁሉም ድምፃቸው ተዘግቶ ቀለም ይረጫሉ። አንዱ ላይ ቢጫና ሰማያዊ ዓሣ ይዋኛል፣ ሌላው ላይ ማር ከማንኪያ ይንጠባጠባል፣ ጥግ ላይ ያለው ደግሞ ዜና ያሳያል። ሾፌሩ እንደ ሕፃን ልጅ ወደ ትልቁ ሮጠ።

«እትዬ፣ ነይማ እይው! ይሄ ቴሌቪዥን አይደለም፣ ግድግዳ ነው! ደግሞ ቅናሽ ይላል።»

ፀጉሯን ወደኋላ አስይዛ ያሰረች ሻጭ ከጠረጴዛዋ ተነስታ መጣች። «እንደምን ዋላችሁ። ስንት ኢንች ነበር የፈለጋችሁት፣ እናቴ?»

«ኢንቹን እንጃ ልጄ። የያዝኩትን ግን አውቀዋለሁ» አለችና ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብላ ነገረቻት።

ሻጯ ፊቷን አላጠቆረችም፣ ትከሻዋንም አልሰበቀችም። «በዚህ ሁለት አማራጭ አለ» አለች። «አንደኛው ጋሼ የወደዱት ትልቁ ነው። ስሙ ብዙ አይታወቅም፤ ዋስትናው አጭር ነው፤ የቀነሰውም እሱ ስላልተሸጠ ነው፣ አልዋሽዎትም። ሁለተኛው ይሄ ሠላሳ ሁለት ኢንቹ ነው። ትንሽ ነው፣ ግን ምስሉ የታመነ ነው።»

«በአንድ ዋጋ ትልቁ እያለ ትንሹን የሚወስድ ሰው አለ?» አለ ሾፌሩ። «ሰው ምን ይለናል?»

ቀጭኔ አልሰማችውም። ዜና የሚያሳየው ቴሌቪዥን ፊት ቆማ አንገቷን አዘንብላ ታያለች። «አሄሄ» አለች ለብቻዋ። «ነገ ውኃ የለም ማለት ነው። በርሜሉን ዛሬ መሙላት ሊኖርብኝ ነው።»

ሻጯ ግራ ገባት። «ምን አሉ እናቴ?»

«ውኃ ነዋ። ዋናው ቧንቧ ስለሚጠገን ነገ ቀኑን ሙሉ ይቋረጣል ትላለች፣ ይቺ ልጅ።»

«ድምፁ ተዘግቷል እኮ።»

«አፏ አልተዘጋም።»

ሻጯ ሪሞቱን አንስታ ድምፁን ከፈተችው፤ አንባቢዋ ነገ ለሚፈጠረው የውኃ መቋረጥ ይቅርታ እየጠየቀች ነበር። ሾፌሩ ራሱ ያነበበ ይመስል ደረቱን ነፋ። «የሽመና ክፍል ልጅ ናት! እሷ ባለችበት ማንሾካሾክ አይቻልም። ወንድሜ ስንት ዓመት በዚህ ሲሰቃይ ኖሯል!»

«ልጄ» አለች ቀጭኔ፣ «እኔ ማየት የምፈልገው ዓሣ አይደለም። የድሮ ነገር አታጪም? ጥቁርና ነጭ፣ ሰው አፉን እያንቀሳቀሰ የሚያወራበት።»

ሻጯ ትንሽ አሰበችና ስልኳን አውጥታ ፈለገች። የሆነ የድሮ የትምህርት ቤት የስፖርት ቀን አገኘች፤ ባለ ክራቫት ሰውዬ ቆሞ ንግግር ያደርጋል፣ እንግዶች በረድፍ ተቀምጠዋል። ከስልኳ ወደ ትልቁ ቴሌቪዥን አስተላለፈችው።

ቀጭኔ ገና ስታየው «እንዴ! ምን ሆነው ነው ያበጡት?» አለች። እውነትም የተቀመጡት ሁሉ እንደ ትራስ ሰፍተው አጥረው ነበር። ባለ ክራቫቱ ሰውዬ ዱባ አክሏል።

«የድሮ ምስል ወደ አራት ማዕዘን የተጠጋ ነው» አለች ሻጯ። «የዛሬ ስክሪን ወደ ጎን ረጅም ስለሆነ ጎትቶ ይሞላዋል። ይሄውልዎት፣ እዚህ ጋ ይስተካከላል።» ሪሞቱን ነካ ነካ ስታደርግ ሰዎቹ ከሱ፣ በግራና በቀኝ ግን ጥቁር ነገር ቆመ።

ሾፌሩ ይህን ጊዜ ተቆጣ። «ጥቁሩን ቦታ ምን እናደርገዋለን? እሱም እኮ ተከፍሎበታል! ይወፍሩ፣ ምን አለበት?»

«አይወፍሩም!» አለች ቀጭኔ። «ዕድሜዬን ሙሉ ቀጭኔ ተብዬ ኖሬ ዛሬ ጉማሬ ሆኜ ልታይ?»

ግን ሌላም ነገር አላማራትም። ቀረበች፣ ራቀች፣ መነጽሯን ጠረገች። ትልቁ ስክሪን ላይ ፊቶቹ እንደራሰ ወረቀት ሟምተዋል። ዐይናቸው የት እንዳለ በግምት ይገኛል፤ አፋቸው ግን የለም።

«አሮጌው ፊልም የያዘው ነጥብ ትንሽ ነው» አለች ሻጯ፣ እንዴት ብላ እንደምታስረዳ እያሰበች። «ያንኑ ትንሽ ነገር እዚህ ሁሉ ላይ ስንዘረጋው...»

«ይሳሳል» ብላ ጨረሰችላት ቀጭኔ። «ክሩ ያው ነው፣ ጨርቁን ሲወጥሩት ይሳሳል።»

«በቃ እሱ ነው!» ሻጯ ደስ አላት፤ ምስሉንም ወደ ሠላሳ ሁለት ኢንቹ አዛወረችው።

ትንሹ ላይ ሰዎቹ ሰበሰብ አሉ። ግንባር ግንባር ሆነ፣ አፍም አፍ። ቀጭኔ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ አየች። «ባለ ክራቫቱ 'የወላጆችን ትብብር' ይላል... 'ትብብር' አሁንም... ደጋገማት። ከጎኑ ያለችው ሴትዮ ደግሞ፣ ባለ ኮፍያዋ፣» አለችና ፊቷ ፈካ፣ «'መቼ ነው የሚጨርሰው፣ ፀሐዩ ገደለኝ' እያለች ነው።»

ሻጯ ጠረጴዛዋን ተደግፋ ሳቀች። ቀጭኔ ግን ቦርሳዋን መክፈት ጀምራለች። «ይሄንን ጠቅልይልኝ፣ የኔ ልጅ።»

ሾፌሩ ካርቶኑን ተሸክሞ እስከ ቤት ሲያጉረመርም ሄደ። እቤት ሲደርሱ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ጠፋ። በመጨረሻ አሮጌውን ቴሌቪዥን ግድግዳ አስጠግተው፣ ጥልፍ አልብሰው፣ አዲሱን ከላዩ አቆሙት። «አየሽ» አለ ሾፌሩ፣ «ያኛው ትልቁ ቢገዛ እዚህ ላይ አይቆምም ነበር።» ትንሹን የመረጠው ራሱ ይመስል ነበር።

እሁድ ከሰዓት ካፒቴኗ ከዘራዋን እያንኳኳች፣ ዝምታን አስከትላ መጣች። ዝምታ ቀድሞም ቡድኑ ውስጥ አንድ ቃል ከአፏ የማይወጣ ልጅ ስለነበረች ነው ስሙ የተሰጣት፤ አሁንም የልጅ ልጅ አይታ አልተለወጠችም። በሕይወት ካሉት መምጣት የቻሉት እነዚህ ናቸው። ልጇ ሻይ አፈላች፣ ብስኩት በሳህን አቀረበች። ሪሞቱንም እሷ ያዘች፤ ሾፌሩ እንዳይነካው ብላ።

የጣቢያው አስተዋዋቂ ወጣት ነበር። ጥቂት ከተናገረ በኋላ ምስሉ ግራጫ ሆነ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ቆመ። ሜዳው ታየ። መረቡ ታየ። ነጭ ካልሲ እስከ ጉልበታቸው የሳቡ ልጆች እየሮጡ ገቡ።

ሦስቱም ወንበራቸውን ወደፊት ሳቡ።

«ይቺ እኔ ነኝ!» ካፒቴኗ በከዘራዋ ጠቆመች።

«አንቺ አይደለሽም» አለች ቀጭኔ፣ «አንቺ ወዲያ ማዶ ያለሽው ነሽ።»

«ያቺ? ያቺ ቀጫጫ?»

«አዎ፣ ያቺ ቀጫጫ።»

ካፒቴኗ ወደ ስክሪኑ ተስባ አየች፤ አየችና ድምጿ ዝቅ አለ። «ልጆች ነን እኮ» አለች። «እኔ ትልልቅ ሴቶች የነበርን ነው የሚመስለኝ። ስቆጣችሁ፣ ስመክራችሁ... ልጆች ነበርን እንዴ?»

የቀጭኔ ልጅ ብስኩቱን ይዛ መሐል ወለሉ ላይ ቆማ ቀርታለች። ስክሪኑ ላይ እናቷ በዕድሜ ከእሷ ታንሳለች። እግሯ ማለቂያ የለውም፣ እጇን የት እንደምታደርገው ግራ ገብቷታል፣ ሹሩባዋ ከጀርባዋ ይዘላል።

ቀጭኔ ራሷን ያየችው ግን ገና ስትገባ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ምን እመስል ነበር ስትል ኖራ፣ ቀኑ ሲደርስ ዐይኗ በራሷ ላይ አልረጋ አለ። ጥይት እዚያ አለች። ጥይት የጫማዋን ማሰሪያ በጥርሷ ታጠብቃለች። ጥይት ከኳሷ ሥር እንደ ድመት ትገባለች፣ ጣቷን ዘርግታ ኳሷን ወደ ላይ ትሸኛታለች፤ ኳሷም እሺ ብላ ትሄዳለች። ቀጭኔ ያን አነሳስ በትከሻዋ ታውቀዋለች። ኳሷ በተነሳች ቁጥር ወንበሯ ላይ ቀኝ ክንዷ ሳታዘው ንቅንቅ ይል ነበር።

በመሐል አሰልጣኛቸው ዕረፍት ጠየቀ። ልጆቹ ከበቡት፤ የካሜራው ሰውዬ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ ቀረበ። አሰልጣኙ ጣቱን እየቀሰረ ይናገራል። የሚሰማው የሕዝቡ ጫጫታ ነው። ከእሱ ትከሻ ሥር የጥይት ፊት ሙሉ በሙሉ ታየ፤ ያ ኮስታራ፣ ምንም ያላጠፋ የሚመስል ፊት። ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ።

ሦስቱ አሮጊቶች ባንድ ጊዜ ፈነዱ።

ካፒቴኗ ከዘራዋን ጣለች። ዝምታ ሻርፗን አፏ ውስጥ ጎሰረች። ቀጭኔ ጥርስ የሌለውን አፏን በእጇ መሸፈኑን ረስታ፣ ወደ ኋላ ተለጥጣ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«ምን አለች? ምን አለች?» ሾፌሩ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ዞረ። «ኧረ ለኛም ንገሩን!»

«እማ፣ ምን ብላ ነው?»

ቀጭኔ ትንፋሿን ሰበሰበች። «'ሽንቴ መጥቷል' ነው የምትለው! 'ቀጭኔ፣ ሽንቴ መጥቷል፣ በናትሽ ቶሎ እንጨርስ!'»

ስክሪኑ ላይም የያኔዋ ቀጭኔ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ አሰልጣኙም ወደ እሷ ዞሮ ጣቱን ቀስሮባታል። እንደ ሁልጊዜው።

ጨዋታው ቀጠለ። የመጨረሻው ዙር ተጀመረ፤ ነጥቡ አንገት ለአንገት ሆነ፤ ሾፌሩም ውጤቱን የማያውቅ ይመስል ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ኳሷ አየር ላይ እንዳለች ምስሉ እጥፍጥፍ ብሎ ጠፋ። ልጇ ወደ ሪሞቱ ዘለለች፣ ግን ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ አልነበረም። ወጣቱ አስተዋዋቂ ተመልሶ፣ ፊልሙ ስለተጎዳ ቀሪው እንዳልተገኘ ተናግሮ ይቅርታ ጠየቀ።

«እንዴ! እዚህ ላይ ይቆረጣል?» አለች ልጇ። «ታዲያ እንዴት ነው ያሸነፋችሁት?»

«ተነሱ» አለች ካፒቴኗ። «እናሳያት።»

ወንበሮቹ ተገፉ። ካፒቴኗ ከዘራዋን አግድም ይዛ መረብ ሆነች። ዝምታ ከወዲያ ማዶ ተጋጣሚ ሆነች። ኳስ የወንበር ትራስ ነው። ሾፌሩ ነገሩ ስላላማረው ተነስቶ አዲሱ ቴሌቪዥን ፊት እጁን ዘርግቶ ቆመ። «ቴሌቪዥኑን! ኧረ ቴሌቪዥኑን እዩልኝ!»

«አንቺ እዚህ ቁሚ» አለች ቀጭኔ ልጇን ክንዷን ይዛ እየጎተተች። «አንቺ ጥይት ነሽ። እንግዲህ የመጨረሻዋ ነጥብ ናት። ኳሷ መጣችልሽ። ሁሉም ምን ይጠብቃል? ለኔ እንድታነሺልኝ ነዋ። እኔ ተንደርድሬ ዘለልኩ፣ እንዲህ፤» በእግር ጣቶቿ ቆማ ክንዷን ጣራው ሊነካ ምንም እስኪቀረው ድረስ ዘረጋችው፤ «እነሱም እኔን ሊያግዱ ሁላቸው አብረውኝ ዘለሉ። ጥይት ግን አላነሳችልኝም! ባዶ እጄን ሰማይ ላይ ትታኝ፣ በጣቷ ጫፍ ብቻ፣ ከመረቡ ማዶ ጠብ አደረገቻት። ወርውሪያት! ቀስ አድርገሽ!»

ልጇ ትራሱን በከዘራው ላይ አሳለፈችው፤ ዝምታ እግር ሥር ዘፍ አለ።

«እንዲህ አሸነፍን» አለች ካፒቴኗ እያለከለከች። «አሰልጣኙ ከዚያ በኋላ ሲያስተምር የኖረው ይቺን ነው። 'ጭንቅላት! እንደ ጥይት ጭንቅላት ይኑራችሁ!' ይላል። ሁሉ ሰው አጥቂዋን ሲያይ እሷ ብልሃት አሰበች። ደግሞ ትሑት ነበረች። እኛ ሜዳው ላይ ስንተቃቀፍ እሷ ብቻዋን ወደ ልብስ መቀየሪያው ሮጣ ገባች። ለብቻዋ ልታለቅስ ነው ብለን አልተከተልናትም።»

ዝምታ ትራሱን ከወለሉ አነሳች። አቧራውን አራገፈች። ከዚያም ከመጣች ጀምሮ ያልተሰማ ድምጿን አወጣች።

«ሽንቷን ነው።»

«ምን?»

«ልታለቅስ አይደለም የሮጠችው። ለቀጭኔ ብታነሳላት ኳሷ ታግዳ ትመለስ ይሆናል፣ ጨዋታውም ይረዝማል። ቸኩላ ነው።»

ሳቁ እንደ አዲስ ተነሳ። ካፒቴኗ ሳቋ ሳል ሆኖባት ውኃ ተቀዳላት፤ ሾፌሩ የሚጠብቀውን ቴሌቪዥን ረስቶ ወለሉ ላይ ቁጢጥ አለ። ቀጭኔም ሳቀች፤ እየሳቀች ሳለ ግን ወንበሯን ፈልጋ ተቀመጠች።

«ምናለ ኖራ በጠየቅናት» አለች። «አንድም ቀን አልነገረችኝም። አልጋ ላይ ሆና እንኳ ስንት ነገር ስናወራ፣ ያን ኳስ ሳነሳባት ፈገግ ትልና ዝም ነበር። እኔ ኩራት ይመስለኝ ነበር።»

ልጇ አጠገቧ ወንበሩ ክንድ ላይ ተቀምጣ ትከሻዋን አቀፈቻት። ሻይ ቀዝቅዟል፤ ዝምታ ግን ያንኑ ጠጣችው።

ስልክ የጮኸው ይሄኔ ነው። ካፒቴኗ ቁጥሩን አይታ «አሰልጣኙ ነው!» አለች። እንዲሰማት ብላ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሽማግሌው ርቆ በልጆቹ ቤት ነው የሚኖረው፤ ድምፁ ሰልሏል፣ ቁጣው ግን አልጠፋም።

«አያችሁት ወይ ልጆች? አያችሁት? የመጨረሻዋን ቆረጧት እንጂ! ያቺ ነበረች መታየት ያለባት! ስንቱን ልጅ በዚያች ኳስ አሠለጠንኩ መሰላችሁ! ያቺ ልጅ እኮ ጭንቅላት ነበረች!»

ካፒቴኗ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ሾፌሩ ከወለሉ ላይ ሆኖ «ንገሩት!» ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠ። ዝምታ ራሷን ወዘወዘች። ሁሉም ወደ ቀጭኔ አዩ።

ቀጭኔ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች፣ ወደ ስልኩም ጎንበስ አለች።

«አዎ ጋሼ» አለች። «ጭንቅላት ነበረች።»

«አንቺ ነሽ ቀጭኔ? አንቺንማ አየሁሽ! በዕረፍቱ ላይ ትስቂ ነበር! በፍጻሜ ቀን! እኔ ያን ሁሉ ስናገር ምን ነበር የሚያስቅሽ?»

«ልጅነት ነው ጋሼ» አለች ቀጭኔ። «ይቅር በለኝ።»